ባለ ካባው ምስክር

«ሀሚድ፣ ይሄ ብርድ ዛሬ ብሶበታል ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት? … ጠዋት ከፈረንሳይ ሰፈር ስንነሳ እኮ ፀሐይ ነበረች። እዚህ ባሕር ዛፉ ሥር ግን ክረምቱ ገና አልወጣም። ጢምህ አያሳክክህም? የኔን ሙጫውን አበዙት መሰለኝ፣ አገጬን ከጠዋት ጀምሮ አልሰማውም። ተው አትከከው! ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ታብድብናለች። ጋሻህንም መሬት አስደግፈው እንጂ፣ ማን ያይሃል? እኛን ወታደሮቹን ከወገብ በላይ ነው የሚያነሱን፤ እሱም ከታደልን።»

ገላው ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ዝቅ ካደረገውማ ነገሩ ምን ዋጋ አለው? የታሪክ ድራማው የሚቀረጸው ከእንጦጦ ማርያም ትንሽ ዝቅ ብሎ በተተከለ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው። ራስጌው ላይ የንጉሡ ዙፋን አለ፤ ከዙፋኑ ፊት ግራና ቀኝ መኳንንቱ፣ ከመኳንንቱ ጀርባ ደግሞ ጋሻ የያዙ ወታደሮች። ከእንጦጦ ፓርክ በኩል የሚመጣ ሙዚቃ ድምፅ ቀራጩን ስላስቸገረው ሥራው ቆሟል፣ ሁሉም ካለበት እንዳይነቃነቅ ታዟል። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ሀሚድ በሌላ ቀን የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ዛሬ ግን የገላው የጋሻ ጎረቤት ሆኖ ቆሟል። ከሁለቱ ፊት፣ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ የደረበ ሰው ጀርባውን ሰጥቷቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከካባው በላይ በደንብ የሚታየው ጆሮው ነው። ገላውም የሚፈልገው ጆሮውን ነበር። የሰውየውን ስም ገላው በዚያ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራውም። እሱ ያልጠራውን እኛ ምን አግብቶን እንጠራዋለን?

«ካባ የሚያምርበት ሰው አለ፣ አይደል ሀሚድ? እኔ ያን ካባ አራት ቀን ለብሼው የለ? ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ብርድ ልብስ ነበር የሚመስለው። አሁን ግን እይ እስቲ … ተለክቶ የተሰፋ! ሳሊሀ ራሷ፣ የልብስ ኃላፊዋ፣ ‹አንድ መርፌ እንኳ አልነካሁትም› ብላኛለች። አየህ፣ አንዳንዱን ሰው ሲፈጥረው የሰው ልብስ ልኩ ነው። የራሱ ልብስ ነው የሚሰፋበት።»

ጆሮው አልተነቃነቀም። አጠገቡ የቆሙት ሁለት መኳንንት ግን በነጠላቸው ሥር ሆነው ተያዩ። ንግሥቲቱም ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

«እኔ ግን አንድ ሙያ አለኝ፤ ሰው ማምጣት እችልበታለሁ። ይኸው አንተን አመጣሁህ፣ ጋሻ ይዘህ ከጎኔ ቆምክ። ከዚያ በፊትም አንድ ሰው አምጥቼ ነበር … ‹ጋሼ ገላው፣ እባክህ እኔንም ይዘኸኝ ሂድ፣ ጥግ ላይ ብቆምም አይከፋኝ› ያለኝ። ትሑት ሰው! ጥግ ላይ ብቆም ሲል የየትኛውን ጥግ እንደሆነ አለመጠየቄ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱም ከጎኔ ነበር የቆመው፣ እውነቱን ለመናገር። ትንሽ ተጠጋ እንጂ። … ፍቅር አይደል የሚያጠጋጋ?»

ይህ ነገር ገብቶን እንድንስቅም እንድንናደድም ገላውን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል፤ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ በየፊልሙ ኤክስትራ ሆኖ ሠርቷል። ለቅሶ ላይ አልቅሷል፣ ሠርግ ላይ በልቷል፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ታምሟል፣ ገበያ ውስጥ አንዱን ዶሮ አምስት ጊዜ ገዝቷል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። በዚህ ድራማ ላይ ነው ባላምባራስ አድርገው ካባ ያለበሱትና አንዲት ዐረፍተ ነገር የሰጡት። ባላምባራሱ ንጉሡ ፊት ቆሞ ንጹሑን ወዳጁን በጣቱ ያመለክትና «ጃንሆይ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ነው!» ይላል። በቃ፣ ይችው ናት። የሐሰት ምስክርነት ናት፤ ገላው ግን እንደ ዳዊት ደገማት። ማታ ማታ ሚስቱ አምለሰት ሶፋው ላይ እንደ ንጉሥ ትሰየምና «በል ተናገር!» ትለዋለች፣ እሱም ይናገራል። ታክሲ ውስጥም ይናገራል። ዕድርተኛው ሁሉ «ባላምባራስ» እያለ ይጠራው ጀምሮ ነበር። ስሙም ከድራማው መጨረሻ ከባለ ድርሻዎቹ ጋር ሊጻፍለት ነበር።

ከዚያ ያች ሐሙስ መጣች። በድሮው ሥርዓት ንጉሥ ፊት የሚቆም ሰው ነጠላውን እስከ አፍንጫው ስቦ አፉን ይሸፍናል። ስለዚህ በዚያን ቀን ቀረጻ ከመኳንንቱ ፊት የሚታየው ዓይን ብቻ ነበር። ማን የት እንደሚቆም እንዳይምታታ ምንጣፉ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ተለጥፏል። የገላው ሰማያዊ ነው፣ ለንግሥቲቱ ወንበርም ለካሜራውም የቀረበው፤ ገላው ያመጣው የዚያ ሰውዬ ደግሞ ቀይ ነው። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ሰውየው ቀስ ብሎ ሰማያዊው ላይ ወጣ፣ ገላውም ጠብ አልፈልግም ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ሸሸ። ከዚያ ሰውየው ካሜራውን አፍጥጦ አየው። ለኤክስትራ ከዚህ የባሰ ኃጢአት የለም። በማግስቱ ቀረጻው ሲታይ ከነጠላ በላይ ሁለት ዓይኖች ተመልካቹን ያፈጡበታል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ገደል ገባ። ማን የት እንደቆመ የምትጽፈው ናዲያ ወረቀቷን ገልጣ «ሰማያዊ፦ ገላው» ብላ አነበበች።

ዳይሬክተሩ ዒምራን ሁለቱንም ጠርቶ «ማነው?» አለ። ገላው አልተናገረም፤ እኔ ያመጣሁት ሰው ነው፣ ራሱ ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ተናገረም። ታክሲ ውስጥ ሲሰማት የከረመችውን ዐረፍተ ነገር፣ ‹ጃንሆይ› የምትለዋን ብቻ አስቀርቶ፣ እንዳለች ወረወራት፦ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ ነው።» ገላው በድንጋጤ አፉ ተሳሰረ፣ ዝምታውም እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት። በዚያው ሰዓት ካባውም ዐረፍተ ነገሩም ወደ ምስክሩ ዞሩ፣ ለገላው ጋሻ ተሰጠው። ያች ዐረፍተ ነገር የምትቀረጸው እንግዲህ ዛሬ ሰኞ ነው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ መጥፎ ጎተራ ውስጥ ነው መሰለኝ ያስቀመጥኩት። … የዓይን ነገርስ፣ ሀሚድ! እንዲህ ያለ ዓይን አይተህ ታውቃለህ? ነጠላ እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ፊቱን ወደ ንጉሡ አድርጎ፣ ከኋላው የቆመ ሰው ወዴት እንደሚያይ የሚያይ! እኔና አንተ ፊት ለፊታችን ያለውንም በመነጽር ነው የምናየው። ‹እሱ ሲያይ አይቻለሁ› ያለው ሰው ራሱ የት እያየ ነበር ብለህ እንዳትጠይቅ ብቻ። ጥያቄ የምቀኛ ነው። … የድሮ ሰው ደግሞ እንዴት ሞኝ ነበር! ሹመት ለማግኘት ቆላ ይወርዳል፣ ወባ ይበላዋል፣ ጥይት ይበሳዋል። አሁን ሥልጣኔ ነው። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ማለት ይበቃል።»

ከመኳንንቱ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳል አስመሰለው። የባለ ካባው ጆሮ ቀላ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚሉት? እንግዲህ ይብላ እንጂ! … ምሳ ላይ ሳህኑን እንዳለ ሲመልስ አይቼ አዘንኩለት። የተሻርኩት እኔ፣ ፍርፍሬን እስከ ጠርዙ የጠረግኩት እኔ፤ የተሾመው ምነው እህል አስጠላው? ወግ ነው መሰለኝ። ትልቅ ሰው ብዙ አይበላም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉሃል ደግሞ። ይሁን፣ እኛም ሦስት ቀን አድረን አየነው። ይሄ ጋራ ግን ጉሙ አይታመንም፣ እስከ አምስት ሰዓት አይገልጥም።»

ሙዚቃው ቆመ። «ጸጥታ!» ተባለ፣ ባለ ካባው ተነስቶ ነጠላውን ወደ ላይ ሳበ፣ ንጉሡም ስልኩን ቂጡ ሥር ደበቀው። ተከሳሹን የሚጫወተው ሰው ወታደሮቹ ፊት ተንበርክኳል፤ የገላውን ጉልበት ሊነካ ምንም አልቀረውም። «አክሽን!» ሲባል ሰውየው ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ፣ ያችን ዐረፍተ ነገር ጮኾ ለቀቃት። ዒምራን ማዳመጫውን ከጆሮው አንስቶ ግንባሩን አሸ። «ከት። ድገመው።»

«ድምፅ አለው እንጂ!» አለ ገላው ወዲያው። «‹እሱ ነው!› ሲል መገናኛ፣ መገናኛ የሚል አልመሰለህም? ይሄን የመሰለ ጉሮሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲባክን ያሳዝናል። አንተ ራስህ ረዳት አጣሁ ስትል አልነበር? … ኧረ እኔ ምን አልኩ! ታክሲ ላይ የሰማው ነገር ቶሎ ይገባዋል ብዬ ነው።»

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ‹ጃንሆይ› ጉሮሮው ላይ ቀረች። ሦስተኛው ላይ ሁሉንም በትክክል አለው፤ ግን የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው እንኳ ከዚያ የበለጠ ስሜት አለው። አራተኛውም አምስተኛውም ያው። ዒምራን ከሞኒተሩ ተነስቶ ወደ መሐል መጣ። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናደድ ድምፁ የሚቀጥን ልጅ ነው።

«አላመንኩህም» አለው። «ስማኝ፣ ይሄ ሰው እየዋሸ ነው። አፉ ደፋር ነው፣ ዓይኑ ግን ወዳጁን ማየት አቅቶታል። ያንን ዓይን ነው የምፈልገው። ጣሪያ ላይ ምን አለ? ወዳጅህን እየው! … አምስት ደቂቃ እረፍት፣ ማንም እንዳይነቃነቅ።»

ባለ ካባው በርጩማው ላይ ተመለሰ። ገላው ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። ደስታውን ሊደብቅም አልሞከረም።

«ሰማህ ሀሚድ? ‹አላመንኩህም› አለው እኮ! … አይ ይሄ ልጅ! ዓርብ ጠዋት በአንድ ቃል አምኖት አልነበር እንዴ? ያኔ ካሜራ የለ፣ መብራት የለ፣ ልምምድ የለ፣ ‹አክሽን› ያለው ሰው የለ። ዝም ብሎ ነው ከሆዱ የወጣው። ወዳጁንም ቢሆን አላየውም ነበር፤ ግን ማን አላየህም አለው? እኔ የምልህ ይሄን ነው፦ አንዳንድ ሰው ተፈጥሮው ነው፣ የተጻፈለት አይሆንለትም። ሰው ጽፎ የሰጠው ውሸት ይከብደዋል፤ የራሱ ሲሆን እንደ ቅቤ ይቀልጥለታል። ይሄ ደግሞ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብተህ አታገኘውም። … የአብዬን እከክ እምዬ ላይ ልክክ የሚለው ተረት ይታወስሃል? እኔ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ለእምዬ ነበር የማዝነው። ዛሬ ግን አብዬም አሳዘነኝ። እከኩን አራግፎ ምን አተረፈ? ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ሲቁነጠነጥ አላየኸውም?»

ገላው እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። የፈለገውን ያህል ወግቷል፣ መኳንንቱ ስቀዋል፣ ንግሥቲቱ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን አምለሰት ትዝ አለችው። ሲቀጥል ድምፁ ሳቅ አልነበረውም።

«አምለሰት፣ ታውቃለህ፣ ንጉሤ ናት። ሶፋው ላይ ተሰይማ ጋቢዋን ደርባ ‹በል ተናገር!› ስትለኝ እውነት እፈራታለሁ። ዓርብ ማታ ገብቼ ‹እንዴት ሆነ?› አለችኝ። ‹ገና አልተቀረጸም› አልኳት። ቅዳሜም ‹ገና ነው› አልኳት። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር፣ ‹የኔ ባላምባራስ ሰኞ ነው የሚናገረው› ስትል፣ አጠገቧ ቆሜ ሣቅሁ። … እና እኔ ያን ሰው አልቀየመውም ሀሚድ። እንዴት እቀየመዋለሁ? ውለታ ነው የዋለልኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በትዳር ስኖር ሚስቴን መዋሸት አልችልበትም ነበር። እሱ በአንድ ጠዋት አስተማረኝ።»

በድንኳኑ ውስጥ ማንም አልሳቀም። የባለ ካባው አንገት ቀስ እያለ ወደ ካባው ገባ፤ ጆሮው ራሱ ከአንገትጌው ሥር ጠፋ። ሀሚድ ጋሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ መሬት መሬት አየ።

«ጸጥታ! … አክሽን!»

ሰውየው ተነሳ። ነጠላውን እስከ አፍንጫው ሳበ። እንደታዘዘው ጣሪያውን ትቶ ወደ ወዳጁ፣ ወደ ተንበረከከው ተከሳሽ ዞረ፤ ከተከሳሹ ራስ በላይ ግን የገላው ፊት ነበር። ሁለቱ ከሐሙስ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰውየው ጣቱን አነሳ። «ጃንሆይ …» አለ፣ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ በዓይኔ … አይቻለሁ …» ጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና አነሳው። «እሱ ነው» የሚለው ከአፉ ሲወጣ ሹክሹክታ ነበር፤ እንባውም ነጠላው ላይ ጠብ አለ።

«ከት!» አለ ዒምራን፣ ከዚያ ዘሎ ተነሳ። «አሁን አመንኩህ! ይኼው እኮ! ይኼው!» ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ትከሻውን መታው፣ ንግሥቲቱ ዓይኗን ጠረገች፣ ሀሚድ እንኳ ሳያስበው ሊያጨበጭብ ጋሻውን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ገላው ብቻ እንደቆመ ቀረ። ነገሩ ቶሎ ነው የገባው፤ ከጠዋት ጀምሮ እያንዳንዷን ቃል ስሎ ሲወረውር የዋለው ለካ ለዚህ ነበር። ዐረፍተ ነገሩን ተነጥቆ ነበር፣ አሁን ደግሞ አነጋገሩን ለነጣቂው ራሱ አስተማረው። ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሕመሙ ባሰበት።

አንድ ነገር ግን ገና ቀርቶ ነበር። ዒምራን ሰውየውን አቅፎታል፣ ናዲያ ወረቀቷን ይዛ ከጎናቸው ቆማለች፣ የሰውየው እንባ ገና አልደረቀም። ሰማያዊው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ሰውየውም አፉን ከፈተ። ገላው ጋሻውን ጨበጠ። ሰውየው ወደ ገላው አየ፣ ወደ ናዲያም አየ።

«አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ካባውን ሰብስቦ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ገላው ፈገግ አለ። ወደ ሀሚድ ዞሮ፣ ጭብጨባው ጋብ እስኪል ታግሶ፣ ለስላሳና ሁሉም ሊሰማው በሚችል ድምፅ ጀመረ።

«አየህ ሀሚድ፣ እንዴት አድርጎ ቻለው! … እኔ ብሆን እንዲህ አልናገራትም ነበር፣ እውነቴን ነው። አምለሰት ማታ ‹እንዴት ሆነ?› ስትለኝ ‹ጥሩ ተባለች› እላታለሁ፤ በዚህስ አልዋሸሁም። እንግዲህ ሹመት ያዳብርለት። የእንጦጦዋ ማርያም ዕድሜ ትስጠው፣ ጤና ትስጠው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ታብቃለት። ፀጉሩ እንደኔ እስኪሸብት ታቆየው … ዓመት ሙሉ፣ ዓመታት ሙሉ የለፋበት ነገር አንድ ቀን እጁ ይግባለት። ያን ቀን ደግሞ ብቻውን አታቁመው፤ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ ከጎኑ ታቁምለት። … አንተም አሚን በል እንጂ፣ ሀሚድ።»